ሽንኩርቱን ያበሰበሰው ፉዛሪየም ነው ወይስ ሌላ? ከፎገራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ጥያቄዎን ከላኳቸው ፎቶግራፎች ጋር ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ልድገመው። በፎገራ ሜዳ፣ ከጣና ብዙም በማይርቀው የርብ ወንዝ ዳርቻ፣ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀይ ሽንኩርት ተክለዋል። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እዚህም እዚያም ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ወደ ታች እየደረቀ ሄደ፤ የታመመው ተክል ሲሳብ ያለ ምንም ትግል ይነቀላል፤ ግርጌው ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። የበሰበሰውን ኮረት (የሽንኩርቱን ራስ) ቆራርጠው፣ በቧንቧ ውሃ አጥበው፣ በማብቀያ ሳህን ላይ ሲያስቀምጡት በአምስት ቀን ውስጥ ከ10 ቁራጮች በ7ቱ ላይ ነጭ ሆኖ የጀመረ፣ ኋላ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ፈንገስ በቀለ። እርስዎ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ነው ብለዋል፤ የሥራ ባልደረባዎ ግን በነጭ ሽንኩርት የሚታወቀው ነጭ ብስባሽ ነው ይላሉ። ሪዶሚል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተረጭቶ ለውጥ አልመጣም። ማን ትክክል ነው፣ እንዴትስ እርግጠኛ መሆን ይቻላል የሚል ነው ጥያቄዎ።

ግምቴን አስቀድሜ ልናገር። የእርስዎ ግምት ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል፤ ነገር ግን የደረሱበት መንገድ ያን ለማለት አያበቃዎትም። ሙሉ በሙሉ ከበሰበሰ፣ በቧንቧ ውሃ ብቻ ከታጠበ ኮረት ላይ ፉዛሪየም መብቀሉ የሚነግረን ነገር ቢኖር በኮረቱ ላይ ፉዛሪየም እንደነበረ ብቻ ነው። ፉዛሪየም ደግሞ በሜዳው አፈር ውስጥ፣ በሩዙ ገለባ ላይ፣ በሞተ ሥር ሁሉ ላይ የሚኖር ነው። ሬሳ ላይ ያረፈውን አሞራ ገዳይ ነው ብሎ መክሰስ እንደማይቻል ሁሉ፣ የሞተ ኮረት ላይ የተገኘውን ፈንገስም እንዲሁ መክሰስ አይቻልም። ሥራው ሁሉ በሽታው የጀመረበትን ቦታ ከመፈለግ ይጀምራል።

ስለዚህ ወደ ማሳው ይመለሱ፤ የሞቱትን ግን ይተዉአቸው። የሚፈለጉት ቅጠላቸው ገና ከጫፉ መጠውለግ የጀመረ፣ በታመመው ጠጋ (በሽታው በያዘው ቁራጭ ቦታ) ዳርና ዳር የቆሙ ተክሎች ናቸው። እነዚህን በእጅ አይሳቡ፤ በመቆፈሪያ ከነአፈራቸው አንሥተው ሥሩን ቀስ ብለው ያራግፉ። በእጅ የተሳበ ተክል የታመመውን ሥር መሬት ውስጥ ትቶ ስለሚመጣ፣ ለመርማሪው የሚቀርበው ዋናው ማስረጃ የጎደለበት ናሙና ይሆናል። ከዚያ በስለት ኮረቱን ከአንገቱ እስከ ግርጌው ለሁለት ይሰንጥቁትና ሥሮቹ የሚነሱበትን ጠንካራ መቀመጫ ይመልከቱ። የፉዛሪየም የግርጌ ብስባሽ ከሆነ ለውጡ የሚጀምረው በዚያ መቀመጫ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ሥሮቹ እየጠቆሩና እየሟሙ ይሄዳሉ፣ ብስባሹ ከታች ወደ ላይ ወደ ኮረቱ ንብርብሮች ይወጣል። በዚህ ደረጃ ብስባሹ እርጥብ ቢሆንም አይገማም። ቢገማ፣ ሲጫኑት በአንገቱ በኩል የሚያዳልጥ ፈሳሽ ቢወጣ፣ ወይም መሐል ላይ ያለ አንድ ንብርብር ብቻ ተቀቅሎ ሌሎቹ ደህና ቢሆኑ፣ ባክቴሪያ አለበት ማለት ነው። ባክቴሪያው ብቻውን የመጣ ወይም ፈንገሱ በከፈተው በር የገባ ሊሆን ይችላል፤ ገና የታመሙት ተክሎች የሚፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይህን መለየት የሚቻለው በእነሱ ላይ በመሆኑ ነው።

ሥሩ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሆኖ መቀመጫው ግን ጤነኛ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሴቶፎማ ቴሬስትሪስ የሚባለው የሮዝ ሥር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፉዛሪየም በማብቀያ ሳህን ላይ ሐምራዊ ቀለም ስለሚያወጣ «ሮዝ» የሚለው ቃል ከሁለቱም ጋር ይያያዛል፤ በሮዝ ሥር በሽታ ቀለሙ የሚታየው ሳህን ላይ ሳይሆን ማሳ ውስጥ ባለው ሥር ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ተክል ላይ ተከታትለው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ሐሳብ ልምጣ፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የነጭ ብስባሹ ፈንገስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስትሮማቲኒያ ሴፒቮራ፣ በቀይና በነጭ ሽንኩርት እንዲሁም በዘመዶቻቸው ብቻ የሚኖር ነው። በአፈር ውስጥ ተኝተው የሚቆዩት ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎቹ፣ ስክሌሮሺያ የሚባሉት፣ የሽንኩርት ሥር የሚያወጣቸው ድኝ አዘል ውህዶች በአፈር ባክቴሪያዎች ተለውጠው የሚፈጥሩት ሽታ ሲደርሳቸው ነው የሚነቁት፤ ካልደረሳቸው 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞቱ መቆየት ይችላሉ። ርብና ጉማራ ደግሞ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ከሚለማበት ደጋ አፈር ጠርገው በክረምት ጎርፍ ወደ ፎገራ ያወርዳሉ። ስለዚህ የነጭ ብስባሽ እንክብል እርስዎ ማሳ ውስጥ ሊገኝ አይችልም ብዬ አልምልም።

የሚያጠራጥረኝ ሙቀቱ ነው። ነጭ ብስባሽ የሚመቸው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ቀዝቃዛ አፈር ሲሆን የአፈሩ ሙቀት ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ይገታል። የግርጌ ብስባሹ ፉዛሪየም በተቃራኒው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚበረታው። ማሳዎ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል። በሽታው በብርዱ ወራት ሳይሆን ሙቀቱ በጨመረበት በየካቲት አጋማሽ መነሣቱና እየሰፋ መሄዱ ወደ ፉዛሪየም ያመዝናል። ይህ ግን ማመዛዘን እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ከታች የምገልጸው ነው።

በቤትዎ የሚሠራ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከታመሙት ኮረቶች አራት አምስቱን፣ ግማሹን ሳይሰነጠቁ፣ ንጹሕ ወረቀት በጥቂቱ አርጥበው ከሥሩ በታች በተነጠፈበት ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ዕቃውን ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። በየቀኑ ከፍተው በማጉያ መነጽር ይዩት። ነጭ ብስባሽ ከሆነ ጥጥ የመሰለ ነጭ ድር ግርጌውን ይሸፍንና በድሩ መካከል ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ ክብ፣ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ስክሌሮሺያ ያልኳቸው እነሱ ናቸው። ድሩ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የጎመን ዘር የሚያክሉ፣ መጀመሪያ ነጭ፣ ኋላ ቡናማ የሆኑ ክብ ፍሬዎች ከወጡ ሌላ ፈንገስ ነው፤ ስክሌሮሺየም ሮልፍሲ ይባላል፤ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፣ ከሽንኩርት በተጨማሪ በበርበሬና በቲማቲም ግርጌም ይገባል። ምንም ፍሬ ሳይታይ መቀመጫው ላይ ብቻ ስስ ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ሻጋታ ከበቀለ ፉዛሪየምን መጠርጠር ይቻላል። በፎቶግራፎችዎ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አላየሁም፤ ግን ፎቶግራፍ ላይ አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ኮረቱ ታጥቦ ከተነሣ።

ይህን የምለው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከደጋ ወረዳ የመጣ የነጭ ሽንኩርት ናሙና በሞቃት የማሳደጊያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ በአራተኛው ቀን ፉዛሪየም ሲሸፍነው ፉዛሪየም ብዬ ጻፍኩ፤ ለገበሬው የተሰጠው ምክርም ከዚያ የተቀዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማሳው ሁሉ በጥቁር እንክብል የተሞላ ኮረት ሆኖ ተገኘ። በሞቃት ሣጥን ውስጥ ነጭ ብስባሹ ዘገየ፣ ፉዛሪየም ደግሞ ቀድሞ ሳህኑን ያዘው። ስለዚህ እርስዎ ሳህኖችዎን ግማሹን በ25 ዲግሪ፣ ግማሹን ደግሞ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቀዝቃዛዎቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይጥሉ ይጠብቁ።

ለሳህኑ የሚሆነው ቁራጭ አወሳሰድ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። ቁራጩ የሚወሰደው ከመቀመጫው ላይ ጤነኛው ክፍል ከታመመው ጋር ከሚገናኝበት ድንበር ሲሆን ወርዱ 5 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። በሽታ አምጪው ወደፊት የሚገፋው በዚያ ድንበር ላይ ነው፤ ከበሰበሰው መሐል ግን የሚገኙት ከኋላ የመጡት ናቸው። ቁራጩን በቧንቧ ውሃ አጥቦ መተው አይበቃም፤ ላዩ መጽዳት አለበት። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈ በረኪና ካለዎት አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡት፤ ቁራጮቹን በዚያ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያቆዩና ማንኛውም ተሕዋስ በሌለበት፣ በእንፋሎት በጸዳ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። የቆየ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ በቅርብ የተከፈተ ይሁን። በጸዳ ወረቀት አድርቀው በድንችና ዴክስትሮስ አጋር (ፈንገስ በሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ፣ ባክቴሪያውን ለመግታት ስትሬፕቶማይሲን ተጨምሮበት፣ ያስቀምጡ።

የሚቆጠረውም ሌላ መሆን አለበት። «ከ10 ቁራጭ በ7ቱ» ያሉኝ ከስንት ተክል የተወሰደ እንደሆነ አልገለጹም፤ ከአንድ ኮረት የተወሰዱ 10 ቁራጮች አንድ ማስረጃ ብቻ ናቸው። ከ8 ወይም ከ10 የተለያዩ ተክሎች፣ ከተለያዩ ጠጎች፣ ሦስት ሦስት ቁራጭ ይውሰዱ፤ ከዚያው ማሳ ከጤነኛ ተክሎች ግርጌም በተመሳሳይ መንገድ ይውሰዱ። ይህን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ውጤት ቢመጣልኝ አልቀበለውም። ከታመሙት ብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ በየጊዜው የሚወጣ ከሆነና ከጤነኞቹ ላይ እምብዛም ካልወጣ ጥርጣሬው መሠረት ያገኛል።

የቀለሙን ነገር ግን በልክ ይያዙት። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረምም ፉዛሪየም ፕሮሊፈራተምም ሳህን ላይ ሐምራዊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም የሽንኩርት ኮረት ያበሰብሳሉ። የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው። ከአንድ ስፖር (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣት) ብቻ የተነሣ ንጹሕ ዘር ካዘጋጁ በኋላ የካርኔሽን አበባ ቅጠል ቁራጭ ባለበት አጋር ላይ ቢያሳድጉት ስፖሮቹ ወጥ ሆነው ይወጣሉ። በፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ትንንሾቹ ስፖሮች አጭር በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ጠብታ ተሰብስበው ይታያሉ፤ ትልልቆቹ እንደ ማጭድ የጎበጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ግድግዳ የተከፈሉ ናቸው፤ ዘግይተውም ክላሚዶስፖር የሚባሉ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የመቆያ ስፖሮች ይወጣሉ። በፉዛሪየም ፕሮሊፈራተም ትንንሾቹ ስፖሮች እንደ መቁጠሪያ በሰንሰለት ይደረደራሉ፤ ክላሚዶስፖር የለውም። ትንንሾቹ ስፖሮች ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ከሆኑ ደግሞ ፉዛሪየም ሶላኒን ያስቡ። ሰንሰለቱን ለማየት ሳህኑን ክዳኑን ከፍቶ በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ሥር ማየት ይሻላል፤ በውሃ ጠብታ ላይ ሲጫን ሰንሰለቱ ስለሚበተን ሁሉም አንድ መስሎ ይታያል።

እስከዚህ ከደረሱ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የሚለው ስም በሽታ የማያመጡ፣ በአፈር ውስጥ ምንም ሳያደርጉ የሚኖሩ ብዙ ዘሮችንም ይጠቀልላል። ሽንኩርትን የሚያጠቃው ቡድን «ሴፔ» የሚል ተቀጥላ ስም አለው፤ በማይክሮስኮፕ ግን ከጉዳት አልባው ወንድሙ አይለይም። የጂን ንባብ ቢያስደርጉም ዩኒቨርሲቲዎች ለፈንገስ ሁሉ የሚጠቀሙበት አይ ቲ ኤስ የሚባለው ክፍል ለፉዛሪየም አይበቃም፤ ቴፍ አንድ አልፋ የሚባለው ጂን እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ይህም የዝርያውን ስም በትክክል ይሰጥዎታል እንጂ ሽንኩርት የሚያጠቃ መሆኑን በራሱ አይመሰክርም።

የመጨረሻውን የሚናገረው ሽንኩርቱ ራሱ ነው። ሮበርት ኮኽ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለሰው በሽታ ያስቀመጠው ሥርዓት እዚህም ይሠራል። ጤነኛ የስድስት ሳምንት ችግኞች ሥራቸውን በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ያህል ስፖር ባለበት ውሃ ውስጥ ነክረው በጸዳ አፈር ይትከሏቸው፤ ተመሳሳይ ብዛት ያላቸውን ሌሎች ችግኞች በንጹሕ ውሃ ብቻ ነክረው ጎን ለጎን ይትከሉ። በ25 እና በ28 ዲግሪ መካከል ባለ ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጠብቁ። የመጀመሪያዎቹ ማሳው ላይ ያዩትን ምልክት ካሳዩ፣ ሁለተኛዎቹ ካላሳዩ፣ ከታመሙትም ያው ፈንገስ ተመልሶ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር ስሙን መጥራት ይችላሉ። ዘንዘልማ በሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ወይም በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ካሉ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ ይህን መሥራት ብቻዎን ከመሥራት ይሻላል። ናሙና የሚልኩ ከሆነ ከነሥሩና ከነአፈሩ በጋዜጣ ጠቅልለው ይላኩ። በፌስታል የታሰረ ሽንኩርት በባጃጅና በሚኒባስ ሙቀት ተቀቅሎ ሲደርስ የሚገኝበት ባክቴሪያ ብቻ ነው። የታመመው ጠጋ ከውሃ መግቢያው ቦይ አጠገብ ይሁን ወይም ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ሽንኩርት እንደሚተከልበት፣ ችግኙ ከየት እንደመጣ አብረው ይጻፉ።

ሪዶሚሉ ለምን እንዳልሠራ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በውስጡ ያለው ሜታላክሲል የሚሠራው ፈንገስ በሚመስሉ ግን ፈንገስ ባልሆኑት ኡማይሴቶች ላይ፣ ለምሳሌ በድንች ዋግና በሽንኩርት ቅጠል ሻጋታ ላይ ነው። አብሮት ያለው ማንኮዜብ ደግሞ የተረጨበት ቅጠል ላይ ብቻ የሚቀመጥ መከላከያ ነው፤ አፈር ውስጥ ወዳለው መቀመጫ አይደርስም። ፉዛሪየምም ይሁን ነጭ ብስባሽ ሦስተኛ ርጭት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

በጥያቄዎ መካከል «ከሩዝ ጋር ስለምናፈራርቅ የአፈር በሽታ ሊሆን አይችልም» ያሉትን ማለፍ አልፈልግም። ሩዝ በክረምት፣ ሽንኩርት በበጋ መትከል ለአፈሩ በሽታ ማፈራረቅ አይባልም፤ ሽንኩርቱ በየዓመቱ ወደዚያው ማሳ ይመለሳልና። ለፉዛሪየም ብስባሽ የሚመከረው ማሳው ቢያንስ አራት ዓመት ቀይም ነጭም ሽንኩርት ሳያይ መቆየት ነው። ነጭ ብስባሽ ሆኖ ከተገኘ ግን አራት ዓመት ምንም አያደርግለትም፤ ያ ማሳ ከሽንኩርት ጋር መለያየት አለበት፣ መቆፈሪያውና የሠራተኛው ጫማም ወደ ሌላ ማሳ ከመሄዱ በፊት ከአፈሩ መታጠብ ይኖርበታል። የስሙ ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝም ሁለቱ ስሞች ለገበሬው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ስለሆኑ ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ለሁለቱም የሚበጁ ነገሮች አሉ። የታመሙትን ከነአፈራቸው አንሥተው ከማሳው ርቆ ይቅበሯቸው ወይም አድርቀው ያቃጥሏቸው፤ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ወንዙ የተጣለ ኮረት ከታች ላለው ጎረቤት በሽታ ማውረድ ነው። የውሃ ሞተሩን ቀን ቀንሰው ዋልካው እንዲተነፍስ ያድርጉ፤ ኩትኳቶውንም ያቁሙ፤ በመኮትኮቻ የተቆረጠ ግርጌ ለፉዛሪየም የተከፈተ በር ነው። የታመመ ጠጋ ባለበት በኩል ያለውን ምርት ለብቻው ይሰብስቡ፤ አንገቱ በደንብ እስኪደርቅ በጥላ ያሰንብቱት፤ ከደህናው ጋር በአንድ ጆንያ አይጨምሩት። ማሳ ላይ ደህና መስሎ የተነቀለ ኮረት በመጋዘን ውስጥ በሁለተኛው ሳምንት ከግርጌው ሊበሰብስ ይችላልና፣ የሚሸጠውን ቶሎ ይሽጡ፤ ከዚያ ማሳ የመጣ ኮረት ግን ለዘር አይቀመጥ። በእርጥብ ወረቀቱ ዕቃ ውስጥ በአራተኛው ቀን ያዩትን በቅርብ ፎቶግራፍ አንሥተው ቢልኩልኝ ከጤፍ ያነሰውን ጥቁር ነጠብጣብ አብረን እንፈልጋለን።